የዘፈኑን ደረጃ ማን ቆጠረው?

ስለ ዘፈን መጻፍ የሥራ ፈት ሥራ ነው የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን እንዳሉ እናውቃለን። ፈተናው ቀርቦ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ጠቦት፣ አገሩ ያለበት ሁኔታም እየታወቀ የዘፈን ደረጃ ምን ቁም ነገር አለው? ይሉናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በዚሁ ጽሑፍ ፍጻሜ ላይ ሳንሸሽ እንሰጣለን። ለጊዜው ግን አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። የምናወራው ስለ ዘፈን ይምሰል እንጂ፣ ጉዳዩ ማን እንደሚቆጠርና ማን ሳይቆጠር እንደሚቀር የሚመለከት ነውና።

ነገሩ የተነሣው ከጨዋታ ነው። ከዳንግላ፣ ከእንጅባራና ከቻግኒ የመጣን ተማሪዎች ስናወጋ፣ በራዲዮ ከሰማነው የአድማጮች የዘፈን ምርጫ ውስጥ እያንዳንዳችን የማይረሳንን ዕለት እንናገር ተባባልን። ያልጠበቅነው ሆነ። ስለ ትምህርት ሲወራ የሚያዛጋው ሁሉ አንደበተ ርቱዕ ሆነ። በዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድም ወላጆቻችንን፣ አክስቶቻችንንና የሰፈር ታላላቆቻችንን ጠየቅን። የሰበሰብነው ትዝታ አንድ ደብተር ሞላ። ከዚያ ደብተር ጥቂቱን እናካፍላችሁ።

አንዲት የዳንግላ እናት የነገሩን ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ባትሪ ድንጋዩ ነው። በደርግ ጊዜ ቤታቸው አንዲት ራዲዮ ነበረች፤ ዳንቴል ለብሳ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። ድንጋዩ ውድ ስለ ነበር አባወራው ከዜና በቀር እንድትከፈት እምብዛም አይፈቅዱም። የዘፈን ምርጫ ቀን ሲደርስ ልጆቹ የደከመውን ድንጋይ ከጧት ጀምረው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራልና። አንድ ቀን ግን ክረምት ሆኖ ፀሐይ ሳትወጣ ዋለች። የመጨረሻው ዘፈን ሊጠራ ሲል ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። «የዚያን ዕለቱን የመጨረሻ ዘፈን እስከ ዛሬ አላውቀውም» አሉን። በዚያ ዓመት የሰሟቸውን ሌሎች ዘፈኖች ረስተዋቸዋል፤ ያልሰሙትን ግን አልረሱም።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ የልጅነታቸውን ደብዳቤ አነሡልን። ከዳንግላ ቴምብር ለጥፈው፣ ለእናታቸው፣ ለእኅቶቻቸውና ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አንድ ዘፈን መርጠው ወደ አንድ ጣቢያ ላኩ። ሦስት ወር ጠበቁ። በአራተኛው ወር ስማቸው ተነበበ፤ ነገር ግን አንባቢው የአባታቸውን ስም በሌላ ስም ለወጠው። በማግሥቱ የክፍሉ ልጆች በተሳሳተው ስም ጠሯቸው፤ አብሮ አደጎቻቸው ዛሬም የሚጠሯቸው በርሱ ነው። ተቀይመው እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው ሳቁ። «ምን ያስቀይመኛል? ዳንግላ የሚለውን በትክክል ነው ያነበበው» አሉን።

ይህችን መልስ ደጋግመን አሰብንባት። እኒህ ሰው ከራዲዮው የፈለጉት ዘፈኑን ብቻ አልነበረም። ዘፈኑንማ ሠርግ ቤትም ይሰሙታል። የፈለጉት፣ የአገሩ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ሰዓት ዳንግላ የሚባል ከተማ እንዳለና እዚያም ዘፈን የሚመርጥ ልጅ እንዳለ እንዲነገር ነው። ከአባታቸው ስም ይልቅ የከተማቸው ስም በመስተካከሉ የረኩት ስለዚህ ነው።

በሌላው ገጽ የተጻፈው የሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ትዝታ ነው። ዕለቱ ፋሲካ ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠ ያረፈበትም ዕለት ነው። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ፊደል ያልቆጠርን ሕፃናት ነበርን፤ ነገር ግን ታላላቆቻችን በበዓል ማግሥት ዝም ብለው ራዲዮ አጠገብ መቀመጣቸውን እናስታውሳለን። በዚያ ሳምንት የዘፈን ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ መራጩ ሁሉ የመረጠው አንድ ሰው ነበርና። ቀብሩ በመንግሥት ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲፈጸም ከእንጅባራ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ በማስታወስ ረገድ አጠረ። በአራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ሰው ለቀስተኛ ሆኖ ዋለ።

የመጨረሻው ትዝታ የ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም ቢልቦርድ በሚያወጣው የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። ወሬው እንጅባራ ሲደርስ በየሻይ ቤቱ ደስታ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ማን ቆጠረው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ አሜሪካኖች ናቸው አሏቸው። «እኛንስ ቆጥረውናል?» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመልስ የፈለግነው የኒያን ሽማግሌ ጥያቄ ነው። ቀጥተኛው መልስ፣ አልቆጠሩንም የሚል ነው። ያ ሠንጠረዥ በዋናው የሚቆጥረው በአሜሪካ ገበያ የተሸጠውን ነው። የዳንግላ ወጣት ከዘፈን ማስጫኛ ቤት ገብቶ አልበሙን በፍላሽ ወይም በስልኩ ካርድ አስጭኖ ቢወጣ፣ ያ ሰው ለቆጣሪው እንደሌለ ሰው ነው። ዘፋኙ የኛ፣ ቋንቋው የኛ፣ የአልበሙ ስም የአገራችን ስም ሆኖ ሳለ፣ አንደኛ ያደረገው በባዕድ አገር የተቆጠረው ገዢ ነበር። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ቆጣሪ የሚቆጥረው እጁ የደረሰበትን ነውና። ነገር ግን እጁ የት ድረስ እንደሚዘረጋ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለዚህ ከውጭ አገር ሁለት ምሳሌ እናምጣ። የመጀመሪያው የዚያው የቢልቦርድ ታሪክ ነው። ይህ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የመቶ ዘፈኖችን ሠንጠረዥ በየሳምንቱ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ኬሲ ኬሰም የተባለ፣ ከሊባኖስ ስደተኞች የተወለደ የራዲዮ ሰው፣ ከዚሁ ሠንጠረዥ አርባዎቹን ወስዶ ከአርባኛው ወደ አንደኛው እየቆጠረ የሚያሰማ ዝግጅት ከባልደረቦቹ ጋራ ጀመረ። ዝግጅቱ በሸክላ ተቀርጾ በየሳምንቱ ወደ ብዙ ጣቢያዎች በፖስታ ይላክ ነበር። ኬሰም እ.ኤ.አ. በ2014 አርፏል፤ በዚያ ዝግጅት ያደጉ ሰዎች ግን ዛሬም ተሰባስበው የትኛው ሳምንት የትኛው ዘፈን ስንተኛ እንደ ነበር ይከራከራሉ። የኛን ደብተር የመሰለ ብዙ ደብተር አላቸው ማለት ነው።

አሁን ስለ ቆጠራው ልብ በሉ። ለብዙ ዘመን የሽያጩ ቁጥር የሚሰበሰበው ሸክላ ሻጮችን እየጠየቁ ነበር። ሻጩ በደንብ የተሸጠውን ይናገራል፤ የሚናገረውም የሚያስታውሰውን፣ የሚወደውን፣ አንዳንዴም እንዲናገር የተለመነውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ይህ ቀርቶ፣ በዕቃው ላይ የታተመውን መለያ በማሽን እያነበቡ የተሸጠውን አንድ በአንድ መቁጠር ተጀመረ። ወዲያው ሠንጠረዡ ተናወጠ። ካንትሪ የሚሉት የገጠሬው ሙዚቃና የጥቁር ወጣቶች ራፕ፣ ከታች የነበሩት፣ ወደ ላይ ወጡ። ኤን ደብልዩ ኤ የተባሉት የራፕ ዘፋኞች አልበም በዚያው ዓመት አንደኛ ሆነ፤ የካንትሪው ዘፋኝ ጋርዝ ብሩክስ አልበምም ገና እንደ ወጣ የአንደኝነቱን ቦታ ያዘ። የአሜሪካ ሕዝብ ጆሮ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቆጣሪው ነው። ገጠሬውና ጥቁሩ ቀድሞም ይገዙ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የሚቆጥራቸው ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ አባቶቻችንን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት መምህራን አገር፣ ከህንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የህንድ መንግሥት ራዲዮ የፊልም ዘፈን ክብር የለውም ብሎ ከአየሩ እንዲወገድ አደረገ። አድማጩ ግን ራዲዮኑን ሳይዘጋ ጣቢያ ለወጠ። ከባሕር ማዶ የሴሎን ራዲዮ፣ ዛሬ ስሪላንካ ከምንላት ደሴት፣ «ቢናካ ጊትማላ» የተባለ የዘፈን ዝግጅት በዚያው ዓመት ጀመረ፤ ቢናካ የጥርስ ሳሙና ስም ነው። አሚን ሳያኒ የተባለው አቅራቢ ሲጀምር ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። ደብዳቤው እንደ ጎርፍ መጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ዘፈኖቹ በደረጃ እየተቆጠሩ መሰማት ጀመሩ፤ ዝግጅቱ ስሙንና ጣቢያውን እየለወጠ ከአርባ ዓመት በላይ ዘለቀ። ሳያኒ እ.ኤ.አ. በ2024 በ91 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ሽማግሌዎች ያ ዝግጅት በሚተላለፍበት የረቡዕ ምሽት መንገዱ ጭር ይል እንደ ነበር እያነሡ አለቀሱለት።

ከዚህ ዝግጅት ልንማረው የሚገባን አንድ ብልሃት አለ። መጀመሪያ ደረጃው የሚወጣው በሸክላ ሽያጭ ነበር። ነገር ግን ተወዳጁ ሸክላ ከመደብሩ ሲያልቅ ሽያጩ ይቆማል፤ ሽያጩ ሲቆም ዘፈኑ ከደረጃው ይወርዳል። በጣም ስለ ተወደደ ወረደ ማለት ነው! ይህን ለማረም በየከተማው የአድማጮች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ዝርዝር እየላከ ከሽያጩ ጋራ ይታሰብ ጀመር። ሸክላ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው፣ ግን ጆሮ ያለው ሰው በዚህ መንገድ ተቆጠረ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ህንዶቹ ወይም አሜሪካኖቹ እንደ ነበራቸው ያለ፣ አገሩን ሁሉ በየሳምንቱ የሚያስጠብቅ የደረጃ ቆጠራ በኛ ዘንድ ሥር አልሰደደም። የኛው የቆየው ልማድ የዘፈን ምርጫ ነው፤ አድማጩ በደብዳቤ ይጠይቃል፣ አንባቢው ስም ያነባል፣ ዘፈኑ ይሰማል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ በጀመረው በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚቀርበው የብርሃኑ ድጋፌ «ለዛ» የሚያዘጋጀው ዓመታዊ የአድማጮች ምርጫ ደግሞ ከአሥር ጊዜ በላይ ተካሂዷል። የዓመቱን አልበም፣ ነጠላ ዘፈንና አዲስ ድምፃዊ አድማጩ ራሱ እንዲመርጥ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ በመካከላችንም በየዓመቱ ውጤቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩበት የሚያድሩ አሉ። ስለዚህ አድማጭ ይቆጠር የሚለው አሳብ በአገራችን እንግዳ አይደለም። ጥያቄው ቆጠራው እኛ ዘንድ እንዴት ይድረስ ነው።

እኛ ዘንድ እንዳይደርስ የሚያደርጉትን ምክንያቶች ሦስት አድርገን እናያቸዋለን።

የመጀመሪያው መደርደሪያው ነው። አድማጭ የሚመርጠው ጣቢያው ካለው ውስጥ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር፤ ዐምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ እስኪያሳትም ድረስ የወጣቱ ዘፈን ከዳንስ ቤት አልፎ በሸክላ ለመውጣት መንገዱ ጠባብ ነበር። ያልተቀረጸ ዘፈን በደብዳቤ አይጠየቅም። ዛሬ ይህ ዕጣ የአዊኛ ዘፈን ዕጣ ነው። በጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ሲከበር የሚዘፈነውን የሰማ ሰው፣ ዘፈን አጣን ብሎ ሊያማርር አይችልም። የጎደለው ዘፈኑ ሳይሆን ቅጂው ነው። የአማራ ራዲዮ በአዊኛ ማሰራጨቱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን መሰራጨትና መቆጠር ለየቅል ናቸው።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአዊ ዞን ከ980 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበር፤ ከመቶው ስድሳ የሚጠጋው አዊ ሲሆን፣ ከዞኑ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው አፉን የፈታው በአዊኛ ነው። ልጆቹ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚሁ ቋንቋ ይማራሉ። ይህን ያህል ሕዝብ ያለው ቋንቋ በየትኛውም የዘፈን ደረጃ ላይ ስሙ ሳይነሣ ዓመት ሲያልፍ፣ ሰሚው አዊኛ ዘፈን የለውም ብሎ ይደመድማል። የከፋው ደግሞ የኛ ታናናሾች ይህንኑ መደምደማቸው ነው። ዛሬ ከተማ ያለ ልጅ በሰው ፊት በአዊኛ ማንጎራጎር ሲያፍር አይተናል። ማን እንዲያፍር አዘዘው? ማንም አላዘዘውም፤ በሰማው ዝርዝር ሁሉ ውስጥ ራሱን ስላላገኘው ነው።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ቀድሞ ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነበር፤ ዛሬ በስልክ መልእክትና በኢንተርኔት ሆኗል። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አንድ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። በዚያ ዓመት በኢንተርኔት የተቆጠረ ማናቸውም ምርጫ፣ የዘፈንም ይሁን የሌላ፣ ከዳንግላና ከእንጅባራ የገባለት ድምፅ እጅግ ጥቂት ነው። የዩቲዩብ የተመልካች ቁጥርም ያው ነው። ውጤቱ ሲነገር ግን «ከኒህና ከኒያ ወረዳዎች በስተቀር» የሚል የለም፤ «የሕዝብ ምርጫ» ይባላል። በሌለንበት ተመረጠ፤ እኛም እንደ መራጭ ተቆጠርን። ብዙ ቤት በዚያ ዓመት አሮጌ ራዲዮኑን ከሳጥን አውጥቶ አቧራውን ጠረገ። ያን ጊዜ የተማርነው ነገር ቢኖር፣ ቅርብ ያለ መንገድ ቀላል ቢመስልም የማይቆረጥ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማማረር ለተማሪ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንድ ሥራ ይዘን መጥተናል። የተማሪዎች ማኅበራችን የራሱን ሳምንታዊ የዘፈን ቆጠራ እንዲጀምር እንጠይቃለን። ጣቢያ፣ ፈቃድና በጀት እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሳጥን፣ ወረቀትና እምነት የሚጣልበት ቆጣሪ ነው።

አሠራሩን የህንዶቹን የአድማጮች ማኅበራት ምሳሌ አድርገን እንዲህ አስበነዋል። በግቢው ውስጥ በየመኝታ ሕንፃው አንዳንድ የአድማጮች ክበብ ይቋቋም። ከግቢው ውጭም በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ዘንድ ክበቦች ይኑሩ፤ ልብስ ሰፊዎች፣ የመናኸሪያ ሻይ ሻጮች፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለገበያ የሚመጡ ገበሬዎች ሊሆኑ ይችላሉ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ይናገር፤ ጸሐፊ ይጽፍለታል። እያንዳንዱ ክበብ በሳምንት አምስት ዘፈን ይምረጥ፤ የሚመረጠው ዘፈን የተቀረጸ መሆን የለበትም፤ በሠርግና በፈረስ ጉግስ የሚዘፈንም ይቆጠር። ዝርዝሮቹ ሐሙስ ማታ በሦስት ሰዎች ፊት ተደምረው፣ ዐርብ በዚህች ወረቀት ላይና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይውጡ። ከአሥሩ ዘፈኖች ጎን ስንት ክበብ እንደ መረጣቸውና በጠቅላላው ስንት ሰው ድምፅ እንደ ሰጠ ይጻፍ። ድምፅ ያልሰጠ ክበብ ካለም ስሙ ይጻፍ። እንዲህ ከሆነ አንባቢ የሚያየው አንደኛውን ዘፈን ብቻ አይሆንም፤ የቆጠራው ድንበር የት እንደሆነም ያያል። ትልልቆቹ ቆጠራዎች የጎደላቸው ይህች ትንሽ መስመር ናት።

ድምሩ ለምን በክበብ ሆነ ቢባል ምክንያት አለን። እኛ ተማሪዎች ከመላው አገር የመጣን ነን፤ በነፍስ ወከፍ ብንቆጥር የግቢው ቁጥር የከተማውን ውጦ፣ አዊኛው ዘፈን እዚሁ አገሩ ላይ ሆኖ ከአሥሩ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የሁለት መቶ ተማሪ ሕንፃና የአሥር ልብስ ሰፊዎች ክበብ እኩል ድምፅ ይኑራቸው። ይህ አድልዎ ነው የሚል ይኖራል። አዎን፣ የታወቀና የተነገረ ማዘንበል ነው፤ ካልታወቀና ካልተነገረ ማዘንበል እንደሚሻል ግን አንጠራጠርም።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን ደግሞ ለአዊኛ ዘፈን የተለየ ሠንጠረዥ ይውጣለት ይላሉ። አሳባቸው ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም አንቀበለውም። በሠርግ ቤት ለአንድ እንግዳ ብቻውን ጓዳ ውስጥ ቢያቀርቡለት፣ ወጡ ምንም ቢጣፍጥ አክብረውኛል አይልም። በአንድ ገበታ ላይ ከአማርኛው፣ ከኦሮምኛው፣ ከትግርኛውና ከእንግሊዝኛው ዘፈን ጋራ ይቅረብ። አንዳንድ ሳምንት ዘጠነኛ ይሆናል፤ አንዳንድ ሳምንት ጭራሹን ላይገባ ይችላል። ዘጠነኛ መሆን ነውር የለበትም፤ ዘጠነኛ የወጣ ተቆጥሯል።

ደግሞም ሁሉም ይጠበቅ። ከዚህ በፊት የተሰሙት የዘፈን ምርጫዎች አብዛኞቹ በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ነው ያሉት፤ እኒያ የዳንግላ እናት ሲያልፉ የባትሪ ድንጋዩም ታሪክ አብሮ ያልፋል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ራዲዮ ያነበበው ድምፅ በቴፕ ስለ ተጠበቀ፣ እርሱ ካረፈ በኋላ ለተወለድነው ለኛ እንኳ ደርሶናል። የጎጃምን መልክ በዚያ ድምፅ ያወቀ ስንት ኢትዮጵያዊ አለ! የተጠበቀና ያልተጠበቀ ድምፅ ልዩነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ሳምንታዊው ሠንጠረዥ በቤተ መጻሕፍታችን በጥራዝ ይቀመጥ፤ ያልተቀረጹትንም ዘፈኖች የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በስልካቸው እየቀረጹ የዘፋኙን ፈቃድ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፈው ያኑሩ። የዓመቱ ድምር በጥር 23 በዓል ሰሞን፣ ከየወረዳው የመጣው ሕዝብ በተሰበሰበበት ቢነገር ደግሞ ቆጠራው ለባለቤቱ ይደርሳል።

ከመምህራኖቻችን መካከል፣ የዘፈን ውበት በእጅ ብልጫ አይፈረድም የሚሉ አሉ። እኛም አንልም። አንደኛ የወጣው ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም፤ ይህን ማንም የዘፈን ወዳጅ ያውቀዋል። ቆጠራ ስለ ዘፈኑ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ስለ አድማጩ ግን ብዙ ይነግረናል። በዚህ ሳምንት ልብስ ሰፊዎቹ ምን እያንጎራጎሩ እንደሚሰፉ ማወቅ ለአንድ የማኅበረ ሰብ ተማሪ ከስንት መጠይቅ ይበልጥ እንደሆነ መምህራኖቻችን ራሳቸው ይፍረዱ። ማጭበርበር ቢመጣስ? ይመጣል። አንድ ሰው የሚወደውን ዘፋኝ ለማንገሥ አሥር ወረቀት ይጽፋል። ስለዚህ ነው ድምሩ በሦስት ሰዎች ፊት ይሁን፣ ወረቀቱም እስከ ሳምንቱ ይቀመጥ ያልነው። በዘፈን ምርጫ ሳጥን መጠበቅን ያልተለማመደ ተማሪ ነገ ሌላ ሳጥን ቢሰጡት እንዴት ሊጠብቀው ነው?

አሁን መጀመሪያ ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልስ እንስጥ። በዚህ ጊዜ ስለ ዘፈን ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ብዙ የጎደለበት ቤት እንዳለ፣ በየቤተሰቡም ሐዘንና ሥጋት እንደ ገባ እናውቃለን፤ እኛም የዚያው ቤተሰብ ልጆች ነን። ነገር ግን ስሙን የሚጠራለት የሌለ ሰው ሌላው ነገር ሁሉ ሲጎድልበትም የሚያስታውሰው የለም። የዱቄት ዕደላ፣ የትምህርት ቤት ወንበርና የመድኃኒት ድርሻ የሚወጣው በቆጠራ ነው። መቆጠርን በትልቁ ነገር እንጠይቃለን ብለን በትንሹ ዝም ካልን፣ ዝምታው ይለመዳል። በዘፈን ብንጀምር የሚሞት ሰው የለም፤ ብንሳሳትም በሚቀጥለው ዐርብ እናርመዋለን። ለመለማመጃ ከዚህ የተሻለ መስክ የት ይገኛል?

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር አመራር ጥያቄያችንን በአክብሮት እናቀርባለን፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአጀንዳ ይያዝልን። እስከዚያው ግን አንጠብቅም። ከእንጅባራ ሁለት፣ ከዳንግላ ሦስት ክበቦች ለመጀመር ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ከመኝታ ሕንፃዎችም አራቱ ተመዝግበዋል። ሳጥኑን ከአናጢ ባልንጀራችን አሠርተናል፤ ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ገና እየተከራከርን ነው። መምህራን ክበብ ማቋቋም ከፈለጉ በደስታ እንቀበላለን፤ ድምፃቸው ግን ከሻይ ሻጮቹ ክበብ ድምፅ እንደማይበልጥ ከወዲሁ እናስታውቃለን። የመጀመሪያው ድምር የሚቀጥለው ሐሙስ ማታ ነው። የምትወዱትን ዘፈን ስም፣ የምትችሉ ቋንቋውንም ጨምራችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ።